ከኢትዮጵያ ቁጥቋጦ ስለተገኘው የካንሰር መድኃኒት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ይህ ቅጠል የካንሰር ሴል ይገድላል» የሚል መልእክት በቴሌግራምና በቲክቶክ ሳይዞር የሚውልበት ቀን የለም። ብዙ ጊዜ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። የሚጎድለው ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ነው። እዚህ ያንን ታሪክ በአንድ እውነተኛ ምሳሌ እናየዋለን። ንጥረ ነገሩ ሜይታንሲን ይባላል። መጀመሪያ የተገኘው ከኢትዮጵያ በተወሰደ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ዛሬ ልጁ የሆነ መድኃኒት የጡት ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች ዕድሜ ያራዝማል። እዚያ ለመድረስ ግን አርባ ዓመት ፈጅቷል፤ በመሃልም አንዴ ክፉኛ ወድቋል።

ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን አቆጣጠር የተጠቀምንበት ቦታ ላይ እንናገራለን።

ሜይታንሲን እንዴት ተገኘ?

በ1960 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ አንድ ትልቅ ሥራ ጀመረ። ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት ማሰባሰብ፣ መጭመቅ፣ ከዚያም ጭማቂው የካንሰር ሴል ላይ ምን እንደሚያደርግ ማየት። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች ተፈትሸዋል። ከዚህ ሁሉ ድካም ለሕመምተኛ የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡት መካከል አንድ ቁጥቋጦ ነበር። ያኔ ማይቴኑስ ኦቫቱስ ብለው መዘገቡት፤ ኋላ ማይቴኑስ ሴራታ በሚለው ስም ታወቀ። ጭማቂው ላቦራቶሪ ውስጥም፣ የደም ካንሰር በያዛቸው አይጦች ላይም ጥሩ ውጤት አሳየ። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ሥራውን የሚሠራውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡት። በ1972 ቅርጹን ለዓለም አሳወቁ።

መጠኑ ግን እጅግ ትንሽ ነበር። ከአንድ ኪሎ ተክል የተገኘው 0.2 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ስሌት አንድ ግራም ለማግኘት 5 ቶን ተክል ያስፈልጋል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ከታች እንፈልገዋለን።

ተክሉ እኛ አገር ምን ይባላል?

የማይቴኑስ ወገን የሆኑ ቁጥቋጦዎችን በአማርኛ አጣጥ፣ በኦሮምኛ ኮምቦልቻ እንላቸዋለን። ገጠር ያደገ ሰው ያውቃቸዋል። ነገር ግን አጣጥ የአንድ ዝርያ ስም አይደለም። በአገራችን የዚህ ወገን የሆኑ በርካታ ዝርያዎች አሉ፤ ሁሉም ሜይታንሲን አላቸው ማለት አይደለም። ደጃችሁ ያለው አጣጥ ኩፕቻን የመረመረው ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

የካንሰርን ሴል የሚገድለው እንዴት ነው?

ሴል ለሁለት ሊከፈል ሲል መጀመሪያ ዲኤንኤውን ያባዛል። ቀጥሎ ከሴሉ ሁለት ጫፎች ቀጫጭን ቱቦዎች ተዘርግተው ክሮሞሶሞቹን፣ ማለትም የተጠቀለለውን ዲኤንኤ፣ ይይዛሉ። መሃል ላይ ካሰለፏቸው በኋላ ግማሹን ወደዚህ፣ ግማሹን ወደዚያ ይጎትታሉ። ሁለቱ ልጅ ሴሎች እኩል ድርሻ የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ቱቦዎቹ ማይክሮቱቡል ይባላሉ። የሚሠሩት ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ነው። አንድ ቱቡሊን በሌላው ላይ እየተቀጠለ ቱቦው ይረዝማል፤ እየተነቀለ ያጥራል። ይህ መርዘምና ማጠር በየሰከንዱ የሚካሄድ ነው። ካልተካሄደ መጎተት የለም።

ሜይታንሲን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቱቡሊኑ ላይ ይጣበቃል። የተጣበቀበት ቱቡሊን ሌላ ቱቡሊን እንዲቀጠልበት አይፈቅድም። በ2014 በስዊዘርላንድ የፓውል ሼረር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የሚጣበቅበትን ቦታ በትክክል አሳዩ፤ ሁለት ቱቡሊኖች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ቱቦው ሳይሠራ ይቀራል። ክሮሞሶሞቹ የሚጎትታቸው አጥተው ባሉበት ይቆማሉ። ሴሉ መከፋፈሉን ጀምሮ መጨረስ ያቅተዋል። ብዙ ሰዓት እንዲህ ከተጣበቀ በኋላ ራሱን ወደማጥፋት ይሄዳል። ሳይንቲስቶች ይህን አፖፕቶሲስ ይሉታል፤ ሴሉ በራሱ ትእዛዝ ራሱን አፍርሶ የሚሞትበት ሂደት ነው።

በዚህ መንገድ የሚሠራው ሜይታንሲን ብቻ አይደለም። ከማዳጋስካር የመጣው የአበባ ተክል የሰጠን ቪንክሪስቲንም ቱቦው እንዳይሠራ ይከለክላል። ከአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ዛፍ ቅርፊት የተገኘው ፓክሊታክሴል ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ቱቦው ከተሠራ በኋላ እንዳይፈርስ ቆልፎ ይይዘዋል። ውጤቱ ግን ያው ነው። የማይረዝም ቱቦም፣ የማያጥር ቱቦም ክሮሞሶም አይጎትትም። ሁለቱም ዛሬ በብዙ አገር ሆስፒታሎች በየቀኑ የሚሰጡ ኬሞቴራፒዎች ናቸው።

የሜይታንሲን ልዩነቱ ጉልበቱ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ሴል ለመግደል ከእነ ቪንክሪስቲን ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ ይበረታል።

ታዲያ ጤነኛውን ሴል አይነካም?

ይነካል። ዋናው ችግር ይህ ነው።

ቱቡሊን የካንሰር ሴል ብቻ አይደለም ያለው፤ እያንዳንዱ ሴላችን አለው። ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈሉ ጤነኛ ሴሎችም አሉን። የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚያመርተው መቅኔ፣ የፀጉር ሥር። ሜይታንሲን ካንሰሩንና አንጀቱን አይለይም።

ነርቮችም ይጎዳሉ። ነርቭ አይከፋፈልም፤ ታዲያ ለምን ይጎዳል? ከወገብ ተነስቶ እግር ጣት ድረስ የሚደርስ ነርቭ ርዝመቱ ሜትር ያህል ነው። የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚጓጓዘው በእነዚሁ ማይክሮቱቡሎች ላይ ነው። መንገዱ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጎዳው ሩቁ ጫፍ ነው። ኬሞ የወሰዱ ብዙ ሰዎች እግርና እጃቸው የሚደነዝዘው፣ የሚወረው ለዚህ ነው።

ሰው ላይ ሲሞከር ምን ሆነ?

ወደቀ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ800 በላይ በሚሆኑ ሕመምተኞች ላይ ተሞከረ። ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ፣ የጉበት ጉዳት፣ የነርቭ ጉዳት አስከተለ። ካንሰሩን ለመምታት የሚበቃ መጠን ሲሰጥ ሰውየውን ራሱን ይጎዳል። ሰውየው የሚችለው መጠን ሲሰጥ ደግሞ ካንሰሩ ብዙም አይነካም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሙከራው ቆመ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ላቦራቶሪ ሳህን ላይ እስከ ሺህ እጥፍ ይበረታ የነበረ፣ አይጥ ላይም ተስፋ የሰጠ ንጥረ ነገር ነው ሰው ላይ የወደቀው። «የካንሰር ሴል ይገድላል» የሚለው ወሬ የሚዘለው ይህንን ነው። በረኪናም ሳህን ላይ ያለ የካንሰር ሴል ይገድላል። ጥያቄው መግደሉ አይደለም። ጥያቄው ካንሰሩን ገድሎ ሰውየውን ማትረፉ ነው።

ከወደቀ እንዴት ተመልሶ መድኃኒት ሆነ?

መርዙን ለማለስለስ መሞከሩን ትተው አድራሻ ሰጡት።

ሀሳቡ እንዲህ ነው። ከጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ላያቸው ላይ ኸር2 የሚባል ፕሮቲን ከመጠን በላይ ተሸክመዋል። ጤነኛ ሴል ላይ ኸር2 ጥቂት ነው። ትራስቱዙማብ የሚባለው አንቲቦዲ (አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ደግሞ ኸር2ን ፈልጎ የሚይዝ ነው፤ ከ1998 ጀምሮ ብቻውን መድኃኒት ሆኖ ሲሠራ ቆይቷል። እንግዲህ ሜይታንሲንን አንቲቦዲው ላይ ብናስረውስ?

በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ይገኝ የነበረው ኢሚዩኖጅን የተባለ ኩባንያ ሳይንቲስቶች ሜይታንሲንን ለማሰር እንዲመች አድርገው ቀየሩት። የተቀየረውን ዲኤም1 አሉት። ጄነንቴክ የተባለው ኩባንያ ከትራስቱዙማብ ጋር አጣመረው። በአንድ አንቲቦዲ ላይ በአማካይ 3.5 የዲኤም1 ቅንጣቶች ይታሰራሉ። ስሙ ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ነው፤ ገበያ ላይ ካድሲላ ይባላል።

መድኃኒቱ በደም ሥር ይገባል። ደም ውስጥ ሳለ መርዙ እንደታሰረ ነው። አንቲቦዲው ኸር2 ያለበትን ሴል ሲያገኝ ይያዛል። ሴሉ ደግሞ የተያዘውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ላይሶዞም ወደሚባለው፣ ፕሮቲን ወደሚፈጭበት ክፍል ይልከዋል። እዚያ አንቲቦዲው ይፈጫል። ዲኤም1 ይፈታል። ከዚያ በኋላ ያለው ከላይ ያየነው ነው፤ ቱቡሊኑን ይይዛል፣ ሴሉ ይቆማል፣ ይሞታል። የካንሰሩ ሴል መርዙን በራሱ አፍ ይውጠዋል ማለት ነው።

ይህ ክፍል ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ውቡ ነው። ሰው ላይ ሲሞከር ጥፋቱ የነበረው ኃይለኝነቱ፣ አድራሻ ሲያገኝ ዋና ጥቅሙ ሆነ። አንድ አንቲቦዲ የሚሸከመው ጥቂት ቅንጣት ስለሆነ፣ ለዚህ ሥራ የሚበቃው በትንሽ መጠን የሚገድል መርዝ ብቻ ነው። ደካማ መርዝ ቢሆን ኖሮ አይሠራም ነበር።

ምን ያህል ይጠቅማል?

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በየካቲት ወር 2013 ፈቀደው። መነሻው ኤሚሊያ የተባለው ጥናት ነበር፤ 991 ሴቶችና ወንዶች ተሳትፈውበታል። ካንሰሩ ተሰራጭቶባቸው ቀደም ሲል ሌላ ሕክምና ያገኙ ናቸው። ይህን መድኃኒት ያገኙት በመካከለኛ ስሌት 30.9 ወር ኖሩ፤ የዘመኑን የተለመደ ሕክምና ያገኙት 25.1 ወር። ስድስት ወር የሚጠጋ ልዩነት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ልጇን ለማስመረቅ ለምትጠብቅ እናት ግን ትንሽ አይደለም።

ኋላ ይበልጥ ትልቅ ነገር ታየ። ካትሪን በተባለው ጥናት መድኃኒቱ ቀደም ባለ ደረጃ ለ1,486 ሕመምተኞች ተሞከረ፤ ግማሾቹ እሱን፣ ግማሾቹ ትራስቱዙማብን ብቻ ወሰዱ። ከቀዶ ሕክምና በፊት መድኃኒት ወስደው፣ ከተቆረጠው ሥጋ ላይ አሁንም ካንሰር የተገኘባቸው ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት 88.3 በመቶ ነበሩ፤ ትራስቱዙማብ ብቻ ከወሰዱት ግን 77 በመቶ። በ2019 ለዚህም ተፈቀደ።

ከዚያ ወዲህ የተሻለ መጣ። ተሰራጭቶ ለቆየ ኸር2 የጡት ካንሰር ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን የተባለው አዲስ መድኃኒት በልጦታል። የእሱም መርዝ ዘሩ የሚመዘዘው ካምፕቶቴሲን ከሚባል፣ ከቻይና ዛፍ ከተገኘ ንጥረ ነገር ነው። የሜይታንሲን ሌላ ዘመድ ደግሞ በ2022 ኤላሄር በሚል ስም ለሴት እንቁላል ማመንጫ (ኦቫሪ) ካንሰር ተፈቅዷል።

ጉዳት የለውም ማለት ነው?

አለው። ደም የሚያረጋውን ፕሌትሌት ሊያወርድ ይችላል። ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ልብን ሊያዳክም ይችላል። እርጉዝ ሴት ከወሰደችው ጽንሱን ይጎዳል። ስለዚህ በየሦስት ሳምንቱ ሲሰጥ ደምና ጉበት በየጊዜው ይመረመራል፤ ልብም በአልትራሳውንድ ይታያል። አድራሻው ጉዳቱን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም።

አጣጥ ቀቅዬ ብጠጣስ?

እባካችሁ እንዳታደርጉት።

ያንን 0.2 ሚሊግራም አስታውሱት። ትክክለኛው ዝርያ እጃችሁ ላይ ቢኖር እንኳ ከአንድ እፍኝ ቅጠል የሚወጣው ከምንም አይቆጠርም። ዝርያው ሌላ ከሆነና መጠኑ ከበዛ ደግሞ ያላችሁት ካንሰሩን የማይመርጥ፣ አንጀትና ነርቭ የሚበላ መርዝ ነው። ሆስፒታል ሙከራ ላይ በሚሊግራም ተለክቶ የሰጡት እንኳ ሰው አልቻለውም። ድስት ውስጥ ማንም አይለካውም። አድራሻም የለውም።

እርድና ጥቁር አዝሙድስ?

ስለእነሱም ብዙ ተጽፏል። እርድ ውስጥ ኩርኩሚን፣ ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ቲሞኪኖን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሁለቱም ላቦራቶሪ ውስጥ የካንሰር ሴል ይገድላሉ። ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያድኑ ግን አልተረጋገጠም። ኩርኩሚን ሲበላ ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነው፤ የገባውንም ጉበት ቶሎ ያስወግደዋል።

አልጫ ላይ የሚገባ እርድ፣ ዳቦ ላይ የሚነሰነስ ጥቁር አዝሙድ ምግብ ነው፤ ብሉት። ችግሩ ያለው በእንክብል ታሽጎ በከፍተኛ መጠን የሚሸጠው ላይ ነው። የእርድ እንክብል ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል። ጉበት የሚነካ የካንሰር መድኃኒት የምትወስድ ሴት በዚያ ላይ ሌላ ስትጨምር፣ ሐኪሙ ጉበቷ የተቆጣው በየትኛው እንደሆነ ማወቅ ያቅተዋል። ሕክምናው እዚያው ሊቋረጥ ይችላል።

መድኃኒቱን ለመሥራት ዛሬም ዛፍ ይቆረጣል?

አይቆረጥም። ቀድሞ ግን ተቆርጧል። የኢትዮጵያው ዝርያ የሚሰጠው ትንሽ ስለነበር የተሻለ የሚሰጥ ዘመዱ ኬንያ ውስጥ ተገኘ። በ1970ዎቹ ለሙከራው ሲባል ከሺምባ ኮረብቶች ከ27 ቶን በላይ ተሰበሰበ። ከአራት ዓመት በኋላ ተጨማሪ ሲፈለግ ተክሉ በቅጡ አላገገመም ነበር።

መፍትሔው ካልተጠበቀ ቦታ መጣ። በ1977 የጃፓኑ ታኬዳ ኩባንያ ተመራማሪዎች የሜይታንሲን የቅርብ ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር የሚያመርት ባክቴሪያ አገኙ። ዛሬ መነሻው የሚመረተው ይህን ባክቴሪያ በትልልቅ ጋን ውስጥ በማብላላት ነው። በ2014 ደግሞ በደቡብ አፍሪካው ዘመድ ተክል ሥር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሜይታንሲን እንደሚያመርቱ ተዘገበ። «የተክል ንጥረ ነገር» ስንለው የኖርነው ነገር ተክሉ ለብቻው የሚሠራው ላይሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ ከዚህ ምን አገኘች?

ናሙናው በተወሰደበት ዘመን የጥቅም ተጋሪነት ሕግ የሚባል ነገር አልነበረም። የብዝኀ ሕይወት ስምምነት የተፈረመው በ1992 ነው። የእኛ አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ ወዲህ የአገሪቱን ጀነቲካዊ ሀብት መውሰድ የሚፈልግ ፈቃድ ማግኘትና ጥቅሙን ማጋራት አለበት። ወደ ኋላ ተመልሶ ግን አይሠራም። በዚያ ላይ ዛሬ ምርቱ ከባክቴሪያ ነው።

በሕግ መጠየቅ ከባድ ነው። ቢሆንም ታሪኩ ሲነገር የአገሪቱ ስም አብሮ መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ወደፊት ያለው ነው። በጤፍ ላይ የኔዘርላንድ ኩባንያ ፓተንት አውጥቶ ስንት ዓመት እንደተሟገትን እናውቃለን። ደኖቻችን ውስጥ ገና ማንም ያልመረመራቸው ዕፅዋት አሉ። ዛሬ እነሱን የሚመረምር ወጣት ኬሚስት መሣሪያና በጀት ይፈልጋል። ደኑም ሳይጠፋ መቆየት አለበት።

የጡት ካንሰር ተገኝቶብኛል። ይህ መድኃኒት ይሆነኛል?

የሚወስነው የኸር2 ምርመራ ነው። ከዕጢው በባዮፕሲ የተወሰደው ሥጋ በልዩ ማቅለሚያ ይታያል። ኸር2 ከሌለ አንቲቦዲው የሚይዘው አድራሻ ስለሌለ መድኃኒቱ አይጠቅማችሁም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዕጢዬ ለኸር2 ተመርምሯል ወይ? ውጤቱስ?» የሚል ይሁን። የፓቶሎጂውን (የሥጋ ምርመራውን) ወረቀት ቅጂ ጠይቁና እጃችሁ ላይ ይኑር፤ ሌላ ሆስፒታል ወይም ሌላ አገር ብትሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

መድኃኒቱ በጣም ውድ ነው፤ በየቦታውም አይገኝም። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ እህቶች ኢንሹራንሳችሁ ይሸፍነው እንደሆነ ቀድማችሁ አረጋግጡ። አገር ቤት ያላችሁ ሐኪማችሁን በቀጥታ ጠይቁት፤ ትራስቱዙማብ ራሱ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ስላለ እሱን የማግኘት ዕድል የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ሌላም አንድ ነገር። ቤት ውስጥ የምትወስዱት ቅጠል፣ ዘይት፣ እንክብል ካለ ጠርሙሱን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ ሰው ሐኪሙ ይቆጣኛል ብሎ ይደብቃል። ቢቆጣም ይንገሩት፤ የጉበት ምርመራው ውጤት ከፍ ብሎ ሲመጣ ምክንያቱን ለማወቅ የሚረዳው ያ ጠርሙስ ነው።